ያልተዘጋው ማዕዘን

ልጅነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የጥድ ፍቅፋቂ ሽታ ነው። አባቴ ሰቆጣ ውስጥ አናጢ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን ላይ እሱና ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ አገኛቸዋለሁ፤ ፍቅፋቂው እግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል።

በደርግ ዘመን አንድ ዓመት የያዙት ሥራ የእመት ዘይነባ የማድ ቤት ብፌ ነበር። እመት ዘይነባ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ። የብፌው ፊት ዙሪያውን በተጠረበ ቀጭን ክፈፍ እንዲያጌጥላቸው ፈልገው ነበር። ክፈፉ ማዕዘን ላይ የሚገናኘው ሁለቱም እንጨት በሰያፍ ተቆርጦ ነው፤ አንዱ ጥቂት ከተሳሳተ ክፍተቱ ከሩቅ ይታያል። አባቴ አንዱን ወገን ይቆርጥና ሌላውን ለሲሳይ ይተውለታል። “አብረው የሚኖሩ እጆች ማዕዘን ላይ ይታወቃሉ” ይል ነበር። ከዚያ ሁለቱን ገጥሞ ወደ ፀሐይ ያነሣቸዋል።

“በዚህ ፍየል ያልፋል!” ይላል ብርሃን ካየ።

“አባባ፣ የእርስዎ ፍየል ግን ምን ያህል ከሳች!” ይላል ሲሳይ። እናቴ እንኳ ከጓዳ ሆና ትስቃለች።

ሦስቱ ማዕዘን ተዘጋ። በአራተኛው አባቴ የራሱን ወገን ቆርጦ መታው። የሲሳይ ወገን ሳይቆረጥና ሳይመታ፣ በገበያ ቀን፣ ቀበሌ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰደው።

አባቴ መጋዙን አላነሣም። እመት ዘይነባ ሊጠይቁን መጥተው ብፌውን አዩና፣ “አያ ገብሬ፣ እንዲሁ ይምጣልኝ። ኢንሻአላህ ሲሳይ ሲመለስ እኔው ቤት መጥቶ ይዘጋዋል” አሉ። ብፌው ቤታቸው ሲገባ ያልተቆረጠውን እንጨት እላዩ ላይ አስቀመጡት። አቧራውን ይጠርጉለታል እንጂ ከቦታው አያነሡትም።

እናቴ በክር በመርፌ እያመካኘች እዚያ ቤት ትሄድ ጀመር። ክፍቱን ማዕዘን አየት አድርጋ ትመለሳለች። ክፍት እስከሆነ ድረስ ልጇ መንገድ ላይ ነው። ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች።

ደርግ ሲወድቅ የዘመቱት አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። ከሲሳይ ጋር የዘመተ አንድ የጎረቤት ወረዳ፣ የፃግብጂ፣ ሰው ቤታችን መጣ። ውሃ ስንሰጠው አልጠጣም፤ ከዚያ ሁሉንም አወቅን። አስከሬን ስለሌለ የሲሳይን ልብስ ዘርግተን አለቀስን። እመት ዘይነባ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ።

አርባው ከወጣ በኋላ እናቴ ለአባቴ፣ “የሰው ዕቃ ነው። ሂድና ዝጋው” አለችው። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እኔ የተቆጣች መሰለኝ።

ተከትዬው ሄድኩ። አባቴ እንጨቱን ከብፌው ላይ አወረደው። ከዚያ ቆረጠው። ከተመታው ወገን ጋር ገጥሞ በበሩ ብርሃን አየው፤ ምንም ክፍተት አልነበረውም። እመት ዘይነባ በሻሻቸው አፋቸውን ያዙ።

“እግዜር ያጥናህ” አሉት።

“ዘይነባ፣” አለ አባቴ፣ “ያለ እሱ እጅ ባይገጥም ይሻለኝ ነበር።”

አሁን ብፌ ተሠርቶ በመኪና ይመጣል። ማዕዘኑን ማን እንደቆረጠው የሚጠይቅ የለም። እኔም ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ ልጄ ከሲሳይ ዕድሜ አልፏል። ማታ ድምፁን ከደጅ ስሰማ ተመስገን እላለሁ። እናቴ ያን ቀን ለምን ወደ ግድግዳው እንደዞረች የገባኝ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ዝጋው ስትል ልጇን መጠበቅ እያቆመች ነበር። ሲሳይን በጸሎት ሳነሣ፣ የእሷን ስም አስቀድማለሁ።