ከኋላ የሚመጣው ነፋስ

ካርቲየ 5፣ ከንጋቱ 11፡20

በሰኔ ወር ጅቡቲ ውስጥ መንገድ የሚጀምር ሰው ፀሐይን መቅደም አለበት። እኔ ደግሞ ማልዶ መነሳት የማይሆንልኝ ሰው ነኝና፣ ጋሽ ከድር በሩን ሦስት ጊዜ ካንኳኳ በኋላ ነው ዓይኔን እያሸሁ የወጣሁት። ደጅ ላይ ጣሪያ የሌለው ጂፕ ቆሟል። ድሮ አረንጓዴ ነበር ይላሉ፤ አሁን ጨውና ፀሐይ በልተውት ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

ጋሽ ከድር የእናቴ የድሬዳዋ ጎረቤት ነበር፤ ሰሞኑን በእንግድነት ያረፍኩት እሱ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ሥራውን አቁሞ ሚስቱ እትዬ ሙና የጨርቅ ሱቅ ወደ ከፈተችበት ወደዚህ ሰፈር ጠቅልሎ ገባ። ጂፑን የገዛው ያኔውኑ ነው። "እኔ መንገድ ላይ፣ እሷ ሱቅ ውስጥ ዕድሜያችንን ጨረስነው። አሁን እንኳ አብረን እንዙር ብዬ ነው" ብሎኛል።

ችግሩ፣ እትዬ ሙና አንድ ቀን ብቻ ተሳፍራ መውረዷ ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ጂፑን አልረገጠችም። ለምን ስትባል "ነፋሱ" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ባልየውም ነፋሱን ካላሸነፍኩ ብሎ ተነስቷል። የፊት መስታወቱ አናት ላይ ክንድ የሚያህል ወፍራም ፕላስቲክ አስቀጥሏል። የዛሬው ጉዞ የዚያ ፕላስቲክ ፈተና ነው። የምፈተነው ግን እኔ ነኝ።

ወደ ጋቢናው ስራመድ ክንዴን ያዘኝ።

"እዚያ አይደለም። እሱ የሙና ነው፤ እስክትመጣ ማንም አይቀመጥበትም። አንቺ ከኋላ ሁኚ። እሷም ያን ቀን ከኋላ ነበረች፤ ነፋሱን በደንብ ታይልኛለሽ።"

"እሺ፣ እርስዎ ካሉ..."

"አቦ አንቱ አትበይኝ! አስረጀሽኝ እኮ!"

ድሬዎች አንቱታ አይወዱም። የአዲስ አበባ ምላሴን ዋጥ አድርጌ ከኋላ ወጣሁ።

እትዬ ሙና ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ ስታቀብለኝ ሻሼን አየችና ሳቀች። "ግንባርሽን ተይው፤ ከማጅራትሽ በኩል አጥብቂው" አለችኝ። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ማጅራቴን ማሰር ምን ይሠራል ብዬ ልጠይቃት ስል ጂፑ ተንቀሳቀሰ።

ፕላስ ሜኔሊክ፣ 11፡50

ከተማው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነዳ ይህ መኪና ገነት ነው። ሐሰት አልናገርም። አረንጓዴና ነጭ ታክሲዎቹ ገና አልተጨናነቁም፤ የባሕር ሽታ፣ የዳቦ ሽታ፣ የናፍጣ ሽታ በየተራ ይመጣል። በታክሲ ሳልፍ አይቻቸው የማላውቃቸው የፎቅ በረንዳዎች፣ የተሰጡ ልብሶች፣ በረንዳ ላይ ጥርሳቸውን የሚፍቁ ሽማግሌዎች ሁሉ ታዩኝ። አንዱ ሽማግሌ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም መለስኩለት። ጣሪያ የሌለው መኪና ሰውን ከመንገደኛ ጋር ያስተዋውቃል።

ጋሽ ከድር አደባባዩ ላይ ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ ሊገዛ ቆመ። ሲመለስ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ የኔን የመቀመጫ ቀበቶ ሳብ አድርጎ መጥበቁን አየ፤ ከዚያ ምንም ሳይለኝ መሪው ጋ ተቀመጠ። የት ነው ይህን ያየሁት ብዬ አሰብኩ። የከባድ መኪና ሹፌሮች በየማረፊያው የሚያደርጉት ነው። ጎማ ይመታሉ፣ የጭነቱን ገመድ ይስባሉ፣ ይሄዳሉ። ለካ እኔ ጭነት ነኝ!

ሃያብለ፣ 12፡20

መንገዱ ወደ ባልባላ ሽቅብ ይወጣል። የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ ከባድ መኪናዎች ዳር ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሹፌሮቹ በሽርጥ ሆነው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ጋሽ ከድር ለእያንዳንዳቸው ጥሩምባ ይነፋል። የሃያብለ ቆርቆሮ ቤቶች በጠዋቱ ብርሃን ያብረቀርቃሉ፤ ፍየሎች የካርቶን ቁርስ ላይ ናቸው።

ሰፈሩን አልፈን ፍጥነት ስንጨምር የእትዬ ሙና ምክር ገባኝ። ነፋሱ የመጣው ከፊት አልነበረም! መስታወቱ ወደ ላይ የወረወረው ነፋስ በራሴ ላይ አልፎ፣ ከመኪናው ጀርባ ወድቆ፣ ተጠማዞ ማጅራቴን ይመታኛል። ፀጉሬ ወደ ኋላ መብረር ሲገባው ወደ ፊት መጥቶ አፌ ውስጥ ገባ። የራሳችን ጎማ ያስነሳው አቧራ ከኋላ ተከትሎን እየመጣ እላዬ ላይ ይወርዳል። ያ የተቀጠለው ፕላስቲክ ነገሩን አብሶታል፤ ነፋሱ ከፍ ባለ ቁጥር ሲወድቅም ይበረታል። በዚያ ላይ ከምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ ጀምሯል። የምድጃ አፍ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

"ጋሽ ከድር፣ ቁም!" ብዬ ጮህኩ።

በኋላ ማያው መስታወት አየኝ። ፈገግ አለና አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

"ቁም እኮ ነው የምልህ!"

"ጥሩ ነው አይደል?" አለ። እሱ ያለውን እያንዳንዱን ቃል እኔ እሰማለሁ፤ ነፋሱ ከአፉ ነጥቆ ያመጣልኛል። እኔ የምለውን ግን ይዞት ወደ ኋላ ወደ በረሃው ይሄዳል። ለራሱ ሲያንጎራጉር ሰማሁ። ስለ ወገቡ ሲያማርር ሰማሁ። "ያ ረቢ፣ ሙናን አንድ ጊዜ መልስልኝ" ሲልም ሰማሁ። መስማት ያልነበረብኝን ነገር በመስማቴ አፈርኩ።

ኮር አምባዶ፣ 1፡15

ጠጠሩና ድንጋዩ አንገቴን ሲንጠኝ ቆይቶ ባሕሩ ጋ ደረስን። ጥቋቁር ኮረብታዎች፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰው የለም። ጋሽ ከድር ዞሮ ሲያየኝ ደነገጠ። ዓይኔ ቀልቷል፣ ቅንድቤ በአቧራ ነጥቷል።

"ምነው ቁም አላልሽኝም?"

"አራት ጊዜ ጮህኩ እኮ! አውራ ጣትህን አነሳህልኝ።"

"እኔ እኮ በመስታወት አይቼሽ ነበር። ተቀምጠሻል፣ አልወደቅሽም፤ ደህና ናት ብዬ ነው።"

"አንተ የምትለውን ግን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። ለአላህ ያልከውንም ጭምር፤ ይቅርታ።"

ዳቦውን ሊቆርስ የዘረጋው እጁ ቆመ።

"አንድ በአንድ?"

"አንድ በአንድ።"

አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ስለዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ነገረኝ። ሊሄዱ የነበረው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ወደ አሳል ሐይቅ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ። ጠዋት ላይ የድሮ የመንገድ ጓደኛው ሳይታሰብ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ ደረሰ። በሹፌሮች ወግ ጋቢና የእንግዳ ነው፤ ሹፌሩን እያጫወተ ዓይኑ እንዳይከደን የሚጠብቀው እሱ ነው። ስለዚህ ጓደኛውን ጋቢና፣ ሙናን ከኋላ አስቀመጠ።

"መሐል ላይ ጓደኛዬ፣ ሙና ምነው ዝም አለች አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ?" ድምፁ ወረደ። "ለምዳዋለች አልኩት። ሠላሳ ዓመት ያለ እኔ ኖራ፣ ኋላ መቀመጥ ምን ይላታል አልኩና ሳቅን። አይሰማትም ብዬ እኮ ነው።"

አራት ወር ሙሉ ከነፋስ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ላጽናናው ብፈልግም የሰማሁትን ሰምቻለሁና ዋሽቼ "ምናልባት አልሰማች ይሆናል" ማለት አልቻልኩም።

ተነስቶ አሸዋውን አራገፈ። "መንዳት ትችያለሽ?"

"አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽዬ መኪና አለችኝ። ይሄን ግን..."

"ትችያለሽ" አለና ቁልፉን ሰጠኝ። የከባድ መኪና ሹፌር መሪውን ለሌላ ሰው ከሚሰጥ ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። እሱ ግን ከኋላ ወጥቶ ቀበቶውን አሰረ። "እኔ ስመጣ በነዳሁት ፍጥነት ንጂ፤ እንዳታዝኚልኝ።"

ባልባላ፣ 2፡40

ማርሹ እንደ ግትር በቅሎ ነው፤ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ከፊት መቀመጥ ግን እንዴት ይመቻል! ነፋሱ ጉንጬን ዳስሶኝ ብቻ ያልፋል። ሰው እዚህ ተቀምጦ ከኋላው ያለው ሰው የሚደርስበትን ሊገምት አይችልም፤ ጋሽ ከድርን ያኔ በከፊል ይቅር አልኩት።

በመስታወት አየው ነበር። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ እጁ ዓይኑን ሲከልል ይታየኛል። ድምፁ ግን አልደረሰኝም። ባልባላ ላይ ልቁም ብዬ ፍሬን ስነካ በእጁ ሂጂ፣ ሂጂ አለኝ።

ካርቲየ 5፣ 3፡10

እትዬ ሙና ሱቋ ውስጥ ለአንዲት ሶማሌ ሴት ስስ የቀሚስ ጨርቅ እየለካች ነበር። እኔ ከመሪው፣ ባሏ ከኋላ ስንወርድ አይታ ክንዷ ላይ የዘረጋችውን ጨርቅ ለቀቀችው። ጋሽ ከድር ከራሱ እስከ ጫማው አቧራ ነበር። ዓይኑን መግለጥ አቅቶት በሩን በእጁ እየዳበሰ ገባ።

"ሙና፣ ባልባላ ሳንደርስ ሦስት ጊዜ ቁሚ ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ አልሰማችኝም።"

"እኔ ስንቴ እንደጮህኩ አልቆጠርኩትም" አለች።

"ለጓደኛዬ ያልኩትን ግን ሰምተሻል።"

ከጓዳ ውሃ በጣሳ ይዛ መጥታ አገጩን ቀና አደረገችና ዓይኑን ታጥበው ጀመር። ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን።

"አልለመድኩትም፣ ከድር" አለች፤ ድምፅዋ እኔ ጋ የደረሰው በጭንቅ ነው። "ያለ አንተ መኖሩን አንድም ቀን አልለመድኩትም።"

ጋሽ ከድር ጣሳውን ከነእጇ ያዘው። ውሃው ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ሶማሌዋ ሴት ጨርቁን ከመሬት አንስታ ዋጋውን ጠየቀች፤ ሁለቱም አልሰሟትም።