የነሐስ መወልወያና የእትዬ ዘይነብ አልጋ

ዛሬ ጠዋት የደሴውን ሱቄን ጓዳ ሳጸዳ ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት የዛገች ቆርቆሮ አገኘሁ። ክዳኗን በቢላ ፈልቅቄ ባሸታት... ያ ላምባ ላምባ የሚል ሽታዋ ቀጥታ ኮምቦልቻ ወሰደኝ። ጣሊያን ወዳለበት ዘመን።

ያኔ ሱቄ ኮምቦልቻ ነበር። ከሐረጎ ቁልቁለት የሚወርደው የጭነት መኪና አቧራውን የምሸጠው ጨርቅ ላይ እየበተነ ያልፋል፤ እኔ አራግፌ መልሼ እሰቅላለሁ። ደግ ጊዜ ነበር አልልም። ግን ወጣት ነበርኩና ይናፍቀኛል።

ቆርቆሮዋ የነሐስ መወልወያ ቅባት ናት፤ ወታደር የልብሱን ቁልፍና የቀበቶውን ዘለበት የሚያብለጨልጭባት። ከተማው ጥግ የሰፈረው የጣሊያን ጦር ይገዛልኛል ብዬ ብዙ ሣጥን አመጣሁ። ጦሩ በሳምንቱ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። እኔና ሣጥኖቼ ተፋጠጥን።

የአገሬው ሰው ምን ነሐስ አለው? አንድ ቄስ ለመስቀላቸው ወሰዱ። ደጋን ከሚባለው ከተማ የመጣ አንድ ሙሽራ ፀጉሬን ያብረቀርቅልኛል ብሎ ተቀባው፤ ሙሽሪት ሠርጉን ሙሉ ስታስነጥስ ዋለች አሉ። በቃ፣ ከስሬያለሁ ብዬ ለጎረቤት በነጻ ማደል ጀመርኩ።

ከሱቄ ጀርባ እትዬ ዘይነብ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው ከዘመቻ ቆስለው ተመልሰው በዓመቱ ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን መጡና፣

«ይመር፣ ያ የሚሸተው ቅባትህ አላለቀም?»

«ኧረ ሞልቷል። ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ለትኋን ነዋ! የሰጠኸኝን አልጋዬ መጋጠሚያ ላይ ብቀባው ወላሂ አንዷ አልተረፈችም። አራት ስጠኝ።»

ወሬውን ገበያ ላይ እሳቸው ራሳቸው አዳረሱት። የኮምቦልቻ ሙቀት ያፋፋውን ትኋን የሚያውቅ ያውቀዋል... ሰዉ ተሰለፈ። ከሐርቡ ሳይቀር እየመጡ ወሰዱልኝ። እውነትም ይገድላል! ባንድ ወር ውስጥ ቅባቴ የሌለበት ቤት ጠፋ።

ችግሩም ከዚያ መጣ። ከተማው ውስጥ የቀሩት ጣሊያኖች ጠመንጃ ፍለጋ ቤት ለቤት ይፈትሹ ነበር። ጠመንጃ የተገኘበት ሰው መጨረሻው ይታወቃል። ፈታሾቹ በገቡበት ቤት ሁሉ የብረት መወልወያ ሲያገኙ ሻምበላቸው አስጠራኝ። እሱ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ያቀብላል።

«ቅባቱን የሸጥከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ሕዝቡ የነሐስ ቁልፍ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ይወለውልበታል? የደበቀውን ጠመንጃ ነው!»

«ኧረ ለትኋን ነው።»

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። «አንተ ሰውዬ... ትኋን ይወለውላሉ ልበለው?»

«ይገድሉበታል በለው። ካላመነ ቤት ላሳየው።»

መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣውን ቤት ጠራሁ። የእትዬ ዘይነብን።

ሴትዮዋ ሻምበሉን ደጃቸው ላይ ሲያዩት ቅንጣት አልደነገጡም።

«ግቡ ግቡ! አልጋው ላይ ይቀመጥ በለው፣ እንግዳ አይደል!»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ገባ። እሳቸው አጎዛውን ከጠፍር አልጋው ላይ ገለጥ ሲያደርጉት... ያ ረቢ! ጠፍሩ በትኋን ጠቁሯል። ጨርቅ ቅባቱ ውስጥ ነከሩና አንዱን መጋጠሚያ ጠረግ አደረጉት። የነካው ሁሉ ይረግፍ ጀመር።

«ቀረብ ይበልና ይየው እንጂ!» አሉ አስተርጓሚውን።

ሻምበሉ ግን አንገቱን እያከከ ግቢው ውስጥ ደርሷል። ወታደሮቹም ተከትለውት ወጡ፤ አልጋው አጠገብ የቆመ የለም። ትንሽ ቆይቶ አስተርጓሚው ጆሮዬ ሥር መጣና፣

«ሁለት ቆርቆሮ ላክልኝ ብሏል። ለራሱ አልጋ ነው... ለማንም እንዳትናገር።»

ነፍሴ ተመለሰች። ወደ ሱቄ ስመለስ ግን አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ተሰነቀረ። ቅባቱን ለከተማው ያስተዋወቁት እሳቸው፤ አራት ቆርቆሮ የገዙት እሳቸው። ታዲያ ያ ሁሉ ትኋን እሳቸው አልጋ ላይ ምን ይሠራል? ነጋዴ የማይጠቅመውን ጥያቄ አይጠይቅም።

ጣሊያን የወጣ ሰሞን እትዬ ዘይነብ አስጠሩኝ። «ና፣ አልጋውን አብረን እንገልብጠው።»

ገለበጥነው። ከጠፍሩ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታስሯል። ሲፈቱት የባላቸው ጠመንጃ ከነጥይቶቹ ወጣ። ዛሬ የተገዛ ይመስል ያብለጨልጫል።

«እትዬ ዘይነብ! ይሄ ያኔ ቢገኝ እኮ እኔም አብሬ ነበር የምሰቀለው!»

«ለዚህ አይደል ያልነገርኩህ? ብታውቅ ኖሮ ፊትህ ያሳብቅብህ ነበር።»

«የትኋኑስ ነገር?»

«ጠመንጃውን የምወለውልበት ቅባት እኔ ቤት ብቻ እንዳይገኝ ያወራሁት ነው። መግደሉን እኔም ከጎረቤት ነው የሰማሁት፤ አላህ ሲረዳ!» ብለው ሳቁ።

«ከሰሙ በኋላስ ለምን አልጋዎን አልቀቡትም?»

ጠመንጃውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ገላመጡኝ። «ዘበኞቼን ልግደል እንዴ?»

አሁን እሳቸውም የሉም። ቆርቆሮዋን መልሼ መደርደሪያው ላይ አኖርኳት።

በንግድ ዘመኔ ብዙ ዘበኛ ቀጥሬአለሁ፤ እንደ እትዬ ዘይነብ ትኋኖች የታመነ ግን አላገኘሁም።