ሚሞሪዋ ሄዷል

የበደለችኝ የባሌ እህት ናት። ጊዜውም አምና በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን ነው። ከዚያ በፊትም በድላኛለች። በሠርጌ ቀን «ይቺ መንማና ክረምቱንም አታልፍ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ባሌን ቀብሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ስንቱን ክረምት አልፌዋለሁ። እሱን ልተወውና የአምናውን ልናገር።

ማራኪ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ብቻዬን ነው የምኖረው። አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለኝ። የጽሕፈት ሥራዬን ከተውሁ ወዲህ ትዝታዬን የምጽፈው በእሱ ነው። የባሌ ዘመዶች ሰፊ ቦታ ይዘውበታል።

በዚያ ክረምት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ታመመ። አንዳንዴ ስከፍተው ይጮህና ዝም ይላል። ሲነሣልኝ ደግሞ ትንሽ እንደጻፍሁ መስታወቱ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ከሆዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ይመስላል። እኔ ዕቃ ሲበላሽ በጥፊ የምመታ ሰው አይደለሁም። ከሶኬት ነቀልሁት፤ ቡሎኑን በቢላ ጫፍ ፈትቼ አቧራውን ጠረግሁ። ሚሞሪ የሚባሉትን ሁለት ስስ ነገሮች አውጥቼ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ አሸት አሸት አደረግሁና በየተራ ሰካኋቸው። በአንደኛው ተነሣ፤ በሌላኛው ጮኸ። የሞተው የትኛው እንደሆነ ታወቀ። ቀጭ ቀጩ ግን አልቀረም፤ እሱ የጻፍሁት ሁሉ የሚቀመጥበት የዲስኩ ነው። ዲስኩ ራሱን እንዲመረምር አዘዝሁት። ቁጥሩ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቆመ።

የባሌ እህት ለጉልበቷ ሕክምና ከኮሶዬ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋ ነበርና በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምነው እቴ፣ ብረት ታሻለሽ? በጾም ጸሎት አይሻልሽም?»

«ይኸም ጸሎት ነው» አልኋት።

ዲስኩ ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት። ጠጋኙ አንድ አመል አለው፤ ኮምፒውተርን እንደ ወዳጁ «እሷ» ነው የሚላት። በማግስቱ ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼ ቅዳሴ ሄድሁ። ጠጋኙ ደወለ፤ የባሌ እህት አነሣችው። የተባባሉትን ኋላ ከሁለቱም አፍ ለቅሜዋለሁ።

«እማማ፣ አየኋት» አለ። «ሚሞሪዋ ሄዷል።»

በዚያው ሳምንት የባሌን እህት ላሳክም ስሄድ እኔም ወገቤን ታይቼ ነበር። ስለዚህ የደወለው ሐኪሙ መሰላት።

«ኧረ በማርያም! ጭልጥ ብሎ?»

«ግማሹ። የባሰው ግን ዲስኳ ነው።»

«ዲስክም አለባት? አይድንም?»

«አይድንም። ዕድሜዋም ሄዷል፤ ብዙ ባይደክሙባት ይሻላል።»

«እኔስ ብዬ ነበር!»

«ጨርሳ ሳትሞት ውስጧ ያለውን ላውጣው?»

«አውጣው ልጄ፣ እግዜር እጅህን ይባርከው!»

«ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር» ብሎኛል ጠጋኙ።

ከቅዳሴ ስመለስ ቤቴ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቶቼ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ተደርድረዋል። የባሌ ታላቅ ወንድም ጸበል በጀሪካን ይዘው ከኮሶዬ ወርደዋል። ሁላችንም አያ የምንላቸው ናቸው። እንደ ደንቆሮ ጮኸው ተናገሩኝ።

«እታለም! እኔን ታውቂኛለሽ?»

«ከማወቅ ወዴት እሸሻለሁ አያ!»

«ሸጋ! ሸጋ ነው! ዛሬስ ቀኑ ምንድን ነው?»

ቆሜ የዋልሁ፣ እህል ያልቀመስሁ ሰው ነኝ። «እርስዎ ሳያውቁት ነው ከቤት የወጡት?» አልኋቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። የባሌ እህት ራሷን ነቀነቀች። «አያችሁ? ጠፍቷታል።»

ከዚያ የተቆረጠልኝን ነገረችኝ። ከእንግዲህ ብቻዬን አልኖርም። ኮሶዬ እሷ ዘንድ እገባለሁ። ቤቱ ይከራያል፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጥቶ ክፍሎቹን አይቷል። እኔ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ቤቴ ታይቷል! የኮሶዬ አየር ለጤና ሸጋ ነው፣ አልክድም። ግን እሷ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ ሽሮ በእሷ ልክ ሲጨለፍልኝ ታየኝ።

«ማን ነው ጠፍቷታል ያለው?»

«ሐኪሙ ነዋ! ሚሞሪዋ ሄዷል፣ ዲስኳም አይድንም አለ።»

ሚሞሪና ዲስክ አንድ ላይ ሲጠሩ ስሰማ ነገሩ ገባኝ። አልሳቅሁም። ስልኬን አንሥቼ ለጠጋኙ ደወልሁ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትሁት።

«እንዴት ሆነች?»

«እንኳን ፈቀዱልኝ እማማ! ውስጧ ያለው ሁሉ ወጥቷል። አዲስ ዲስክ ገጠምሁላት፣ ሚሞሪዋንም ቀየርሁ። አሁን ዊንዶውስ እየጫንሁባት ነው።»

አያ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። «ምን ይጭንባታል? በዚህ ወገቧ?»

«ኮምፒውተሯ ናት አያ» አልሁ። «እኔ እዚህ ነኝ።»

አያ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጎረቤቶቼም ሳቁ። የባሌ እህት አልሳቀችም።

«ቢሆንስ?» አለች። «ዛሬ ባይጠፋሽ ነገ ይጠፋሻል።»

ይቅርታ አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም። ስለ እሷ የጻፍሁትን ሁሉ «አውጣው» ብላ ያተረፈችው ራሷ መሆኗን እኔም አልነገርኋት።

መምህሩ ሲመጣ ቤቱ እንደማይከራይ ነገርሁት። እሷ ወደ ኮሶዬ እንደተመለሰች ታድርበት የነበረውን አልጋ ሸጥሁ። በቦታው የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ አስገባሁ።