ሽማግሌ የተመለሰባቸው እሑዶች

ባለፈው እሑድ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ በሬ ተንኳኳ። የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ጸሐፊ ናት፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነች አልቆጣትም። «እማማ፣ የሳምንቱ የነዋሪዎች ስብሰባ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እንዳይቀሩ» አለችኝ። አጀንዳውን ብጠይቃት «የውሃ ታንከሩና ልዩ ልዩ» አለች። ልዩ ልዩ! ይህን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጉልበቴን አመካኝቼ ቀረሁ። በወጣትነቴ ግን ጉልበቴን አመመኝ ተብሎ የሚቀርበት ስብሰባ አልነበረም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቤታችን መካኒሳ አቦ። የቀበሌው ስብሰባ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይጀመራል። አዳራሻችን ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የቆርቆሮ መጋዘን ሲሆን ፀሐይ ሲወጣበት እንደ ምድጃ ይግላል። የየቤቱ አባወራ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ይከለከላል። ይህስ ይቻል ነበር፤ የሚያስፈራው «ለምን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን ብዙ ርቀት ይወስደው ነበር።

እኔ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደርጌያለሁ። ሊቀመንበሩ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም እጽፋለሁ። መጀመሪያ የዓለም ሁኔታ፣ ቀጥሎ የአገር ሁኔታ። የእኛ ሰፈር የቦይ ቁፋሮ የሚነሣው ሰው ሁሉ ሆዱ ሲጮኽ ነው። ያ ቦይ ስንት እሑድ እንደተቆፈረ! በአፍ ማለቴ ነው።

ታምራትን ያገኘሁት በዚሁ ቀበሌ ነው፤ ይህን አልክድም። መምህር ነበር፤ አብረን መሠረተ ትምህርት ስናስተምር ተዋደድን። ኅዳር ላይ ባሌ መመደቡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰውና በወሩ መጨረሻ እንዲሄድ ታዘዘ። አባቴ አቶ ገብሬ አናጢ ነበሩ፤ ቃላቸው ጥቂት፣ ወጋቸው ግን ጥብቅ ነው። «ወግ ባለው መንገድ ሽማግሌ ይላክ። ሳይልክ ከሄደ ነገሩ በዚያው ይቅር» አሉ። ልባቸው እንደማይመለስ አውቃለሁ።

ታምራት ፉሪ የሚኖሩትን ገበሬ አጎቱን፣ አቶ መርጋን፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላከ። ግን መቼ ይምጡ? አባቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እስኪመሽ መጋዝ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ደግሞ የእነ አቶ መርጋ ገበሬ ማኅበር ይሰበሰባል። የቀረችው እሑድ ብቻ ናት፤ እሑድ ደግሞ የእኛ ስብሰባ ናት።

በመጀመሪያው እሑድ እናቴ ዶሮ ሠርታ ቤት ስትጠብቅ ሽማግሌዎቹ ረፋዱ ላይ ደረሱ። አባወራው በሌለበት ቤት አይገባም ብለው ደጅ ቆሙ፤ ጥላ ፈልገው ዞሩ፤ በመጨረሻ ሄዱ። እኛ ስንመለስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ዶሮውን ዝም ብለን በላነው። ዝም ተብሎ የሚበላ ዶሮ እንዴት እንደሚመር!

በሁለተኛው እሑድ ብልጥ ሆነን ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ ላክን። የዚያን ቀን ከከፍተኛው፣ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ የመጣ እንግዳ ንግግር አደረገ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት! ጣቴ ደነዘዘ። ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ እንዳይመሽባቸው ተመልሰው ነበር፤ ያመጡልንን የሽምብራ እሸት እናቴ እቅፍ አድርጋ ቆማለች። አባቴ እሸቱን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አልቅሼ ተኛሁ። ታምራት የቀረው ስምንት ቀን ብቻ ነበር፤ የሚሄደው በሚቀጥለው እሑድ ማግስት ነው።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። የአዳራሹ በር ወደ መንገዱ ይከፈታል። ሊቀመንበሩ የአገር ሁኔታን ገና ሲጀምሩ ቀና ብል ሦስት ነጫጭ ጋቢዎች በበሩ ፊት ለፊት ወደ ቤታችን ሲያልፉ አየሁ። አባቴም አይተዋል። በዚያ አዳራሽ አንድ ቀን እንኳ እጃቸውን አውጥተው የማያውቁት ሰውዬ ብድግ አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሰው ሽማግሌ ሁለት እሑድ ከደጄ ተመለሰብኝ። ዛሬ ልሂድ።»

«ይቀመጡ! አጀንዳው አላለቀም።»

«አጀንዳው አያልቅም፣ ልጄ» አሉ አባቴ ቀስ ብለው። «እኔ ግን ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት።»

ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረው ጮክ ብለው «ጓዲት ወይንሸት፣ አቶ ገብሬ ስብሰባ ረግጠው ወጡ ብለሽ ጻፊ!» አሉኝ።

ያ ወረቀት ወደ ከፍተኛው እንደሚሄድ አውቃለሁ። «አቶ ገብሬ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቆም አልኩ፤ ቀጥዬም «የቤተሰብ ጉዳይ ስለገጠማቸው አስፈቅደው ወጡ» ብዬ ሞላሁት።

ከዚያ በኋላ እኔ መቀመጥ ነበረብኝ! እዚያ ቤት ስለ ዕድሜ ልኬ ሲወሰን፣ እኔ እዚህ ስለ ቦይ ስጽፍ ዋልኩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ተቀበሉ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ወረደና አንድ ቦታ ላይ የቆመ መሰለኝ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው ፈረሙ።

እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ በልተውና መርቀው ሄደዋል። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። «እሺ ብያለሁ» አሉኝ። በቃ፤ ይኸው ነው የእኔ መታጨት። ታምራት በማግስቱ ባሌ ሄደ፤ ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ስለ አባቴ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ስኳራችንም አልተቋረጠም።

ከታምራት ጋር ዛሬም የምንከራከረው በዚያ ፊርማ ነው። እሱ «ሰውዬው ርቦት ነው፣ ሳያነብ ፈርሞ ሄደ» ይላል። እኔ አንብበውታል እላለሁ። ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሰላምታ ተለዋውጠን አልፈናል። አንድ ቀን ቆም ብዬ ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። ፈራሁ፤ በኋላም ተዘናጋሁ፤ አሁን እሳቸውም አፈር ናቸው። ያን ሁሉ እሑድ የወሰዱብኝን ሰው መውቀስ ይቀለኝ ነበር፤ ያቺ ፊርማ ግን ልቤ ሞልቶ እንድወቅሳቸው አልተወችኝም።