ለገዢ የተኳለ ቤት

ቤታችንን ለመሸጥ በደከምኩባቸው ወራት አንድም ገዢ ሳላስተናግድ አልሸኘሁም። ደላላው ሰው ይዞ ሲመጣ እንደ እንግዳ እቀበላለሁ፤ ከሶፋው ደህና በሆነው በኩል አስቀምጣለሁ፤ ከጓሯችን ዛፍ የተለቀመ ማንጎ ቆርጬ አቀርባለሁ፤ ቀዝቃዛ ውሃ እቀዳለሁ። ሰውዬው ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ "ጥሩ ቤት ነው" ካለ ደግሞ ወዲያው እቀበለውና "ኧረ ተው፣ ይቺ ምን ቤት ትባላለች! እንዲያው አንገታችንን የምናስገባባት ጎጆ ናት እንጂ" እለዋለሁ። ያደግሁት እንዲህ ነው። ሰው ልብስህን ሲያደንቅ "አሮጌ ነው" ትላለህ፤ ምግቡን ሲያደንቅ "ዛሬስ አልተሳካም" ትላለህ። ቤትህን ሲያደንቅልህ "አዎ፣ ጥሩ ነው" ብለህ አፍህን ሞልተህ ትናገራለህ? እኔ ከየት አምጥቼ? ገዢዎቹ ማንጎውን በልተው፣ አመስግነውና መርቀው ይሄዳሉ። አንዳቸውም አልተመለሱም።

"ቲቸር" አለኝ ደላላው አንድ ቀን ምርር ብሎት፣ "እኔ መንገዱን ሙሉ ቤቱን ሳመሰግን፣ ሳመሰግን አመጣቸዋለሁ። አንተ በር ላይ ታፈርስብኛለህ። እግዜር ያሳይህ!"

የምንሸጠው ለቅንጦት አልነበረም። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ በእድገት ወደ ግልገል በለስ ከተዛወረች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አሶሳና ግልገል በለስ ካርታ ላይ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለተማሪዎቼ በጣቴ እያሳየሁ ነው የምኖረው። በመሃል ግን ዓባይ አለ፤ መንገዱም አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። እሷ እዚያ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ እኔ እዚህ ከአምስት ዓመት ሴት ልጃችን ጋር። ልጅቷ እናቷ ስትመጣ የመጀመሪያውን ቀን ከእግሬ ኋላ ተደብቃ ትውላለች። ስትለምዳት ደግሞ የእናትየው መሄጃ ይደርሳል። የእኔ ዝውውር ተፈቅዶልኛል፤ እዚያ ልንገዛው ያሰብነው ቤት ባለቤትም ክረምቱ እስኪገባ ሊጠብቁን ቃል ሰጥተውናል። የእኛ እስከዚያ ካልተሸጠ ግን ሌላ አንድ ዓመት እንዲሁ ተለያይተን ልንከርም ነው። 

ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ አጭር ፈቃድ አግኝታ መጣች። በመጣች ማግስት ደላላው አንድ ገዢ አመጣልኝ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ አስተናገድኩት። እሷ ወጥ ቤት ቆማ ስታዳምጥ ቆይታ ኖሯል። ሰውዬው እንደወጣ መጣችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ቁጣዋ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቤት እየሸጥክ ነው ወይስ ንስሐ እየገባህ ነው?"

"ታዲያ ምን ልበል? ቤተ መንግሥት ነው ልበላቸው?"

"ምንም አትበል! እኔ እዚያ አንድ ክፍል ለመከራየት ስንት ግቢ ገብቼ እንደወጣሁ ታውቃለህ? ገና በሩ ላይ ነው የሚለይልኝ። የታፈነ ሽታ ከሸተተኝ አልገባም። የባለቤቱ ዕቃ እስከ ኮርኒሱ ተቆልሎ ካየሁ የኔ አልጋ የት እንደሚዘረጋ አይታየኝም፤ አመሰግናለሁ ብዬ እወጣለሁ። ሊገዛ የሚመጣ ሰው የሚያየው የራሱን ኑሮ ነው። አንተ የኛን ኑሮ ከነማንጎው ታሳየዋለህ።"

በማግስቱ ማለዳ ሻሿን አጥብቃ አስራ ተነሳች። ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩት ጄሪካኖች ወጡ። የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ወጣ። እኔ ለትምህርት ይጠቅማል እያልኩ ያከማቸሁት የፈተና ወረቀት ክምር ወጣ። ከሠርጋችን ወዲህ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ከነቡፌያቸው ወጡ፤ አቧራ የጠገበው የፕላስቲክ አበባም ተከተላቸው። እያንዳንዱ ዕቃ በር ላይ ሲደርስ እኔ እቆማለሁ፤ "ይሄስ ምን አደረገሽ?" እላለሁ። በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ ታልፋለች። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ "ተሸጠ እንዴ?" እያለ ይጠይቀናል።

ዕቃውን የተቀበለችን ጎረቤታችን ናት። የበርታ ሴት ናት፤ ከባለቤቴ ጋር እንደ እህት ናቸው። የዕቃ ቤቷን ቁልፍ ሰጠችን፤ ሶፋችንን ደግሞ "ይሄ ዝሆን ነው፣ ቤት በላ" ብላ ከሳሎን አስወጣችውና በምትኩ ወንድሞቿ የሠሯቸውን ቀለል ያሉ የቀርቀሃ ወንበሮች አዋሰችን። ባለቤቴ ሁለቱን ብቻ አስቀምጣ የቀሩትን መለሰች። እኔ የምቀመጥበት ሳሎን ባዶ ሆነብኝና ተናደድኩ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ዛሬም አልረሳውም።

የመኝታ ቤታችን ቁም ሳጥን፣ የገባን ቀን ሸክም አውራጆቹ ጣል ካደረጉበት ቦታ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ከኋላው መስኮት እንዳለ እናውቃለን፤ ከውጪ ሲታይ የተዘጋ የቆርቆሮ መስኮት ነው። በዚያ ክፍል ቀንም መብራት አብርተን እንለብሳለን፤ መብራት ሲጠፋ በዳበሳ። እንዲያው ክፍሉ ጨለማ ነው ብለን ተቀብለን ኖርን። ባለቤቴ መጥታ ትከሻዋን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፋ "ግፋ" አለችኝ። ብንገፋው እንቢ አለ። የጎረቤታችን ወንድሞች ተጠርተው መጡ፤ አራት ሆነን አንቀሳቀስነው። ከኋላው የሸረሪት ድርና የደረቀ የተርብ ጎጆ ነበር። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ዝጎ ስለነበር በመዶሻ መታሁት።

ተከፈተ። የጠዋት ፀሐይ ወደ ውስጥ ዘልቃ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ደረሰች።

ወለሉ ላይ፣ ስንት ዓመት በባዶ እግሬ የረገጥኩት ሲሚንቶ ላይ፣ የማንጎው ቅጠል ጥላ ይንቀሳቀሳል። ዛፉ ፍሬ አንጠልጥሎ መስኮቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከዛፉ ባሻገር የጎረቤት የቀርቀሃ አጥር፣ ከአጥሩ ባሻገር ደግሞ ኮረብታው፣ ገና ጭጋጉ ሳይለቀው። ከአልጋዬ ራስጌ ይህ ሁሉ ነበር! በሕይወቴ ብዙ አገር አይቻለሁ፤ ጣናን አይቻለሁ፣ ማንኩሽ ድረስ ሄጄ ዓባይ ተገድቦ ባሕር ሲሆን አይቻለሁ። እንደዚያ ጠዋት ግን አፌን ከፍቼ የቆምኩበት ጊዜ አላስታውስም። ልጃችን ከብርሃኑ ገብታ እጇን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች፤ ከዚያ ከግድግዳ ግድግዳ መሮጥ ጀመረች። ክፍሉ ለካ መሮጫ አለው። ባለቤቴ ሻሿ ላይ የሸረሪት ድር እንደተንጠለጠለ ቆማ ታያታለች። እኔ ሁለቱንም አያለሁ። 

ከዚያ በኋላ መከራከሬን ተውኩ ማለት ይቻላል። ግድግዳውን ኖራ ቀባን። የምታፈሰውን ቆርቆሮ አስቀየርን። ወፍራሙ መጋረጃ ወርዶ ስስ ነጭ ተሰቀለ። አልጋው ነጭ አንሶላ ለብሶ ተወጠረና እንዳልነካው ታዘዝኩ፤ በገዛ ቤቴ፣ የገዛ አልጋዬ አጠገብ፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን ተኛን። ነገሩ ሁሉ ሲያልቅ ግን አንድ ሐሳብ ከነከነኝና "ይሄ ማታለል አይደለም?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ምን ደበቅኩ?" አለችኝ። "የተሰነጠቀ ግድግዳ በሥዕል ሸፈንኩ? የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ቀለም ቀባሁ? መስኮቱን የሸፈንነው እኛ ነን። ስንሸፍን አላፈርንም፤ ስንገልጥ ለምን እናፍራለን?"

የዚያኑ ቀን ከውጪ ስገባ ሳላስበው ጫማዬን በር ላይ ሳወልቅ ራሴን አገኘሁት። የሰው ቤት መስሎኝ።

የምትሄድበት ቀን ሲቃረብ ደላላው አንዲት የባምባሲ ነጋዴ አገኘ። ባለቤቴ በጠዋት እንዲያመጣት አጥብቃ ነገረችው፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ። ለእኔ ደግሞ ትእዛዝ ተሰጠኝ፦ ወንበር መጋበዝ የለም፣ ማንጎ የለም፣ ወሬ የለም። "በሩን ከፍተህ ዞር በል። ዙረው ይዩት" አለችኝ።

መጡ። ነጋዴዋ በዕድሜ የገፉ የበርታ እናት ናቸው፤ ልጃቸው አብሯቸው ነው። እኔ እንዲህ ያሉ እናት ቆመው እኔ ወንበር ሳልስብላቸው ስቀር ላብ በላብ ሆንኩ። እሳቸው ግን መቀመጫ አልፈለጉም። ቀስ ብለው ሳሎኑን ዞሩ። ኖራውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወጥ ቤቱን አዩ፤ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ። አንዴ ወደ እኔ ዞረው "ጥሩ ቤት" ሲሉኝ፣ "ኧረ ምን ቤት ትባላለች" የሚለው ከከንፈሬ ሊወጣ ሲል ዋጥኩት። ስውጠው ጉሮሮዬ ተሰማ፤ ባለቤቴ ሰምታ ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ማሻአላህ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። ገቡና ብርሃኑ ያረፈበት ወለል ላይ፣ እግራቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። ብዙ ቆዩ። ልጃቸው ሊጠራቸው ብሎ ተወው። እኔ እነዚያ እናት ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሲቀመጡ እያየሁ፣ ቤቱ ለሌላ ሰው እየሆነ እንደሆነ ተሰማኝ፤ አልከፋኝም፤ ገረመኝ እንጂ።

ከዚያ ግን ዞረው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ ነበር።

"እኔ ብዙ ቤት አይቷል" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። "እንደዚህ አላየም። አንተ ለምን ትሸጣለህ? ሰው ጥሩ ቤት አይለቅም። ጎረቤት መጥፎ ነው? ውሃ ይገባል? ችግር አለው፣ ወላሂ ንገረኝ።"

ይህን አላሰብንበትም ነበር። አሳምረን አሳምረን የሚያስፈራ አድርገነው ኖሯል። ደላላው ዘሎ ገባ፤ "እሱ ትልቅ ቤት ሊሠራ ነው እናቴ፣ ንግድ ሊጀምር ነው" ምናምን አለ። የልጃቸው ግንባር ተቋጠረ። እናትየው እጃቸውን መሬት አስደግፈው ለመነሳት ተዘጋጁ። ባለቤቴን አየኋት፤ እሷም እኔን ታያለች። ያ ግልገል በለስ የሚጠብቀን ቤት፣ ያ ክረምት፣ ልጄ ከእግሬ ኋላ ስትደበቅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

"እማማ" አልኩ። "ቤቱ እንከን የለበትም። ጥሩ ቤት ነው። ባለቤቴ ግን እዚህ አትኖርም፤ ሥራዋ ግልገል በለስ ነው፤ እዚህ ያለነው እኔና ልጃችን ነን። ትናፍቀኛለች። ሲመሽ ያለ እሷ ወደዚህ ቤት መግባት እጠላለሁ። የምሸጠው ለዚህ ነው።"

ባዕድ ሰው ፊት፣ ያውም እሷ ቆማ እየሰማች! ደላላው አፍሮ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ መስኮቱ ዞረች። እናትየው ያንን ጀርባ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለልጃቸው በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ነገሩትና ወደ እኔ ዞሩ።

"በል ሂድ" አሉኝ። "ልጅህን ይዘህ ሂድ። እኔ እዚህ ይገባል፣ ኢንሻአላህ።"

ደላላው ከልጃቸው ጋር ለመነጋገር ወደ ግቢ ወጣ፤ እሳቸውም ተከተሉት። ሁለታችን ቀረን። ባለቤቴ ከመስኮቱ አልዞረችም።

"ምነው?" አልኳት።

"ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ 'ደህና ነን፣ አታስቢ' ነው ስትለኝ የኖርከው" አለች። "ያልከውን ድገመው።"

"ሰምተሻል እኮ።"

"ለሳቸው ነው የነገርካቸው። ለእኔ ንገረኝ።"

ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። ከፊተኛው ይልቅ ይኼኛው ከበደኝ። ግን ነገርኳት።