ማለዳ የምታስል መኪና

ዛሬ ማለዳ ጎረቤቴ የሆነው ወጣት መኪናውን ሲያስነሳ፣ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ በመስኮቴ አስገባብኝ። ልጁ ተበሳጭቶ ኮፈኑን ሲከፍትና ሲዘጋ፣ እኔ ሻዬን እንደያዝኩ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ፣ ወዳደግኩበት ግቢ በሐሳብ ሄድኩ።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ሐረር የመጣ የሳይንስ መምህር ነበር። አሮጌዋን ሰማያዊ መኪና የገዛው ለእናቴ ሲል ነው። እናቴ ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሳት ስለነበር ዳግመኛ አውቶብስ አልሳፈርም ብላ ምላለች፤ ደብረ ማርቆስ ያለችውን እናቷን ለማየት የቀራት ተስፋ ያችው መኪና ብቻ ነበረች። ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን ያላት አባቴ በየማለዳው ሹራቡን ደርቦ መኪናዋን ያስነሳታል። ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ጠፋች ሲሏት እንደገና ትነሳለች። ቤንዚን በብርድ እንደሚገባው ስለማይተን፣ ከአየሩ ጋር ሳይዋሃድ ጠብታ ሆኖ እየቀረ ሞተሩን እንደሚያንገዳግደው፣ ሲሞቅ ግን ሁሉም እንደሚስተካከል አባቴ ክፍል የገባ ይመስል ያስረዳናል። እውነትም ቁርሳችንን ስንጨርስ ድምጿ ልስልስ ይላል። ጎረቤታችን ሐጂ ዩሱፍ ግን ያንን ድምጿን ሰምተውት አያውቁም፤ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ሳሏን ይሰሙና ሳትሞቅ ወደ ሱቃቸው ይወርዳሉ።

በዚያው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሐጂ ለሚያገባው ልጃቸው ክፍል ጨመሩ። ጎረቤት ሲሠራ እጅ አጣጥፎ ማየት ነውር ነውና አባቴም ሱሪውን ሰብስቦ ድንጋይ ሲያቀብል ዋለ። ድሮም መኪናዋን ለጥቂት የሚያሳልፋት መንገድ በአዲሱ ግድግዳ መዘጋቱን የተረዳው፣ እናቴ ለሠራተኞቹ ምሳ ይዛ መጥታ ፊቷ ሲለዋወጥ ነው። ንገራቸው ብትለው፣ ሰው ልጁን ሊድር ደስ ብሎት ሳለ፣ ራሴ ያቀበልኩትን ድንጋይ እንዴት አፍርሱልኝ እላለሁ ብሎ ፊቱን አዞረ። አባቴ ይሉኝታ የያዘው ሰው ነበር፤ ይሉኝታው ደግሞ እኛንም ይዞ አስቀረን።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ብትቀርም ማለዳ ማለዳ ማስነሳቱን አልተወም። አንዳንድ ቀን እናቴ ነጠላዋን ለብሳ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኛ ልጆች ጨዋታ መስሎን አጠገቧ እንታጨቃለን። መስኮቶቹ ስለማይወርዱ ትንፋሽ ያጥረኝና ልውረድ እላለሁ። እሷ ግን ሞተሩ ሞቆ እስኪስተካከል፣ ከዚያም ወዲያ አባቴ እስኪያጠፋው፣ የግቢውን በር እያየች ትቀመጣለች።

እንዲህ እያልን ስንኖር የአያቴ መርዶ መጣ። ሐጂ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ከወላጆቼ አጠገብ ተቀመጡ፤ እናቴን አጽናንተው ሲያበቁ ወደ አባቴ ዞሩ።

"መምህር፣ ያቺ መኪና ደህና ብትሆን ኖሮ አማትዎ በሕይወት ሳሉ ይደርሱላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ስታቃስት እየሰማሁ፣ ይህችስ ከእንግዲህ አትወጣም ብዬ ነው ግድግዳውን ያወጣሁት። እንዳይከፋዎት ብዬ አልጠየቅኩዎትም።"

"ደህና ነበረች፣ ሐጂ" አለ አባቴ አንገቱን ደፍቶ። "እስክትሞቅ ነው እንጂ ደህና ነበረች።"

ሐጂ ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ነገ በማለዳ ልጆቻቸውን ይዘው ግድግዳውን እንደሚያፈርሱት ወላሂ ብለው ማሉ።

እናቴ ቀና አለች። "ይተዉት፣ ሐጂ" አለቻቸው። "ከእንግዲህ ማን ጋ ልሄድበት ነው?"

ግድግዳው ሳይፈርስ ቀረ፤ አባቴም ከዚያ በኋላ መኪናዋን አላስነሳም። ሁለት ደጋግ ሰዎች ላለመቀያየም ሲሉ ዝም ተባብለው እኔ አያቴን ሳላውቃት ቀረሁ፤ እናቴም እስክትሞት ድረስ ከሐረር አልወጣችም።