ሂሩትና የእድሩ ድንኳን

ሂሩት «እባክህ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ዓመታት አብሬያት ስሠራ «ፍቃዱ፣ አንተ በር ላይ ነህ» ብላ መድባኝ ትሄዳለች፤ እኔም ስነጫነጭ ቆይቼ በሩ ላይ እገኛለሁ። ሰው ማዘዙን መምህር ከነበሩት አባቷ የወረሰችው ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ረዳት ናት። የሥራ ቀኗን ተማሪ የበታተነውን ሽቦና ሌንስ ስትለቅም ትውላለች፤ የቀረ ጊዜዋን የበላው ደግሞ የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ቀን ነው።

ቀኑ በዓመት አንዴ ነው። ስለሌሎች ዓለማት፣ ስለሚያስቡ ማሽኖች፣ ገና ስላልመጣው ዘመን ማንበብ የሚወድ ሁሉ ይሰበሰባል። የጻፈ ያነባል፣ ያልጻፈ ይከራከራል፣ የሩቅ ዓለም ሰው መስሎ ለብሶ የሚመጣም አይጠፋም። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። ወንበሩን የምንሸከመው፣ የምሳውን ዓሳ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የምናመጣው፣ መጨረሻ ላይ የምንጠርገው እኛው ነን። መጀመሪያ ፒያሳ አንድ ጭማቂ ቤት ውስጥ ስንጀምር የመጡልን ዝናብ ያባረራቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። እኔ በሃፍረት መግቢያ አጣሁ። እሷ ግን ሙሉውን ፕሮግራም ለሁለቱ አቀረበችላቸው፤ ዝናቡ ሲያባራም አልተነሱም።

ዘንድሮ ቀኑ ሲቃረብ አዳራሹን ቃል የገባልን ሆቴል ለሠርግ አከራይቶት ቁጭ አለ። ግማሾቹ ተማሪዎቻችን ተመርቀው ወደየአገራቸው ሊበተኑ ነው። ይህን ዓመት ከዘለልን የሚቀጥለው ላይ ሰው አይኖረንም።

«በቃ ይቅር» አልኳት።

«እድር እያለኝ ለምን ይቀራል?»

ሂሩት በምትኖርበት በአዲስ ከተማ ሰፈር የእድር አባል ናት፤ ቀብር ቀርታ አታውቅም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙሉጌታ የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛ ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ድንኳኑን አባል ለሠርግም ስለሚዋሰው «ለስብሰባ ነው» ስትላቸው አላስቸገሯትም። «ብቻ ድንኳናችን እንዳይዋረድ» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ከእድሩ ዕቃ ቤት አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ተከልነው። ተማሪዎቹ አግዳሚዎቹን ሞሉ፤ ንባቡ ተጀመረ። ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። የሠርግ ድንኳን ይዘፍናል። የእኛ ጭጭ ብሏል። ዝም ያለ ድንኳን ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ በዚህ አገር ማንም አይስተውም።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ አልማዝ የሚባሉ አዛውንት ጎረቤት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ከውጭ እያለቀሱ ገቡ። ተከትለዋቸው ሌሎች መጡ። ጥሩንባ አልተነፋም፤ ሁሉም ግን እንቅልፍ ጥሎኝ ነው ያልሰማሁት ያለ ይመስለኛል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተው?» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ፣ ጎኔ ያለው ያውቃል ብሎ ያለቅሳል።

ወደ ሂሩት ሮጥኩ። «ለቅሶ መስሏቸው ነው። እንንገራቸው።»

«ጠሀ ይጨርስና እነግራቸዋለሁ። የሚያነብ ሰው አይቋረጥም።»

ጠሀ ከወሎ የመጣ የምህንድስና ተማሪ ነው። የጻፈው ማርስ ላይ ስለሰፈሩ አሥር ሰዎች ነበር። አየሩን፣ ዘሩን፣ መድኃኒቱን ሁሉ አሟልተው ሄደዋል፤ አንዷ ስትሞት ግን ለቀብር የሚሆን አንዳች ነገር እንዳልያዙ ያያሉ። ምን ያድርጉ? ልጁ ከሌላው ሁሉ መርጦ ይህን ማንበቡ የኔ ዕድል ነው። ጎረቤቶቹ የሟች የሕይወት ታሪክ የሚነበብ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰሚራ የምትባለው ተማሪ የሩቅ ዓለም ሰው ለመምሰል ከራሷ እስከ እግሯ በፎይል ተጠቅልላ ነበር የመጣችው። አንዲት ሴትዮ «ወይኔ፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት» ብለው ነጠላ አለበሷት።

ይህን ያየው የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ደበሌ ሄዶ ጋሽ ሙሉጌታን ይዟቸው መጣ። በሩ ላይ ቆመው ፎይሉን አዩ፣ የሚያለቅሱትን አዩ። ጠሀ በራሱ ጊዜ ማንበቡን አቆመ።

«ሂሩት» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ሬሳው የታለ?»

«ማርስ ላይ ነው፣ ጋሼ። ልቦለድ ነው።»

አግዳሚዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላዋ የከንቱ እንባዋን እየጠረገች ተቆጣች።

«ያለ ሟች ሰው አስለቅሰሻል» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «ይህ ከእድር ያስባርራል። ያንቺን ነገር ጉባኤው ያየዋል፤ ድንኳኑ አሁኑኑ ይፈታ።»

ሂሩት ወንድምም እህትም የላትም። አባቷን የቀበረላት ይኸው እድር ነው፤ እናቷ ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ነገ እሳቸውን ማን ያነሳላታል? ያን ጊዜ በእሷ ቦታ ብሆን እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቀጥ ብላ። «በር ላይ መንገር ነበረብኝ። የምትፈርዱብኝን እቀበላለሁ። ግን ጠሀ ይጨርስ፤ ከዚያ እኔው ራሴ እፈታዋለሁ።»

«ደበሌ፣ ፍታ።»

ደበሌ ገመዱን ያዘ።

«ተወው አንተ» አሉ እትዬ አልማዝ። እንባቸውን አልጠረጉም። ወደ ጠሀ ዞሩ። «ልጄ፣ ልጅቱን ማን ቀበራት?»

የእትዬ አልማዝ ልጅ ገነት ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ እዚያው ሞታ እዚያው እንደተቀበረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አስከሬኗን ማን እንዳጠበ፣ ማን እንደተሸከመ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

«ገና አልተቀበረችም፣ እትዬ» አለ ጠሀ ቀስ ብሎ። «እንዴት እንደሚቀብሯት እየተጨቃጨቁ ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ሰው እድር አይሆንም» አለ ደበሌ ገመዱን እንደያዘ። «ተሸካሚው ማን፣ ቆፋሪው ማን፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፈው ማን?»

ሰሚራ ከነጠላው ውስጥ ብቅ አለች። «እዚያ ክብደት ይቀንሳል። አስከሬኑ የሚመዝነው ሲሶውን ያህል ነው፤ ለመሸከም ሁለት ይበቃሉ።»

«መሬቱስ? እሱም ይቀላል?»

«እሱ በቅዝቃዜ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።»

«አየሽ፤ ሁለቱ ይሸከሙ፣ ስድስቱ ይቆፍሩ። አንድ ሰው ነው የቀረሽ።» ገመዱን ለቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«አንዱ ከሟች ጋር ይቀመጣላ» አሉ ነጠላ ያለበሷት ሴትዮ። «ብቻዋን ሊተዉአት ነው?»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይስማ። ውሃው ተመጥኖ የሚጠጣ ከሆነ በምን ትታጠባለች? መዋጮው በምን ይሁን፣ ገንዘብ በማይሠራበት አገር? በአየር ይሁን አለ አንዱ ተማሪ፤ አየር የሌለው ድኻስ አይቀበርም ወይ ብለው አንድ ሽማግሌ ተቆጡት። ከጀመርን ወዲህ እንዲህ ያለ ክርክር አይተን አናውቅም። ሂሩት መሐል ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ ታያለች። ሰው ሳታዝ ቆማ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ ከበሩ ሳይነቃነቁ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ ገቡ። ከእትዬ አልማዝ ጎን ሄደው ተቀመጡ።

«ቅጣቱ አልቀረልሽም» አሏት ሂሩትን። ወደ ጠሀ ዞሩ። «በል ቀጥል። ሟች ሳትቀበር ከዚህ የሚነሳ ሰው የለም።»